የተሰነጠቀ መስተዋት ይጠገናልን ወይስ ይለወጣል?

በአዳማ ከተማ ከአውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ የሚያልፉትን መኪናዎች የሚመለከት ሰው ቢኖር፣ የፊት መስተዋታቸው የተሰነጠቀ ብዙ መኪናዎችን ሳያይ ቀኑ አይመሽበትም። ወደ ጂቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና፣ ወደ አሰላ የሚወጣው ሚኒባስ፣ ከሞጆ ተገንጥሎ ወደ ዝዋይና ወደ ሐዋሳ የሚሄደው ሁሉ መንገዱ በዚሁ አካባቢ ነው። በስምጥ ሸለቆ ምድር ደግሞ ጠጠር አይጠፋም፤ አስፋልቱ በተላጠበት ስፍራ ሁሉ የከባዱ መኪና ጎማ ጠጠሩን አንሥቶ ከኋላው ለሚመጣው ይወረውርለታል። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው ፈጥኗል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸዋለሁ፤ ሾፌር የሆኑት ግን ትምህርቱን የተማሩት ከጠጠሩ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን የጋራዥ ነገር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምን አስገባው እንዳትለኝ። ከሾፌሩ ኋላ የሚቀመጠው አንተ ነህና ነገሩ ይመለከትሃል።

አስቀድሞ መስተዋቱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የመኪና የፊት መስተዋት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን ሁለት መስተዋት፣ በመካከላቸው ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ስስ ፕላስቲክ ተጣብቆባቸው ይሠራል። የዚህ ዘዴ መነሻ ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ከመደርደሪያ የወደቀች የብርጭቆ ዕቃ ተሰነጣጥቃ ሳትበታተን መቅረቷን አይቶ ተደነቀ። ቢመረምራት፣ ቀድሞ በውስጧ የነበረው ሴሉሎስ ናይትሬት የተባለ ፈሳሽ ደርቆ እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ይዟት ነበር። ከዚህም ተነሥቶ በ1909 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አወጣ። እንግዲህ የፊት መስተዋት ጠጠር ሲመታው እንደ ጎኑ መስተዋት ተፈርፍሮ በሾፌሩ ዐይን ላይ የማይዘንበው ስለዚህ ነው። በብዛት የሚሰነጠቀው የውጪው ብቻ ነው፤ የውስጡ ግን ደኅና ይሆናል። ጥገና የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስንጥቅ ለምን ይሄዳል? በገበያ መስተዋት የሚቈርጠውን ሰው ተመልከት። መስተዋቱን እስከ ታች አይቈርጠውም፤ በመቍረጫው አንዲት ቀጭን ጭረት ካወጣ በኋላ ጫን ሲለው መስተዋቱ ራሱ በጭረቱ ላይ ይከፈላል። አለን ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በስሌት አስረድቷል፤ ኃይሉ ሁሉ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም እየረዘመ በሄደ ቍጥር ወደ ፊት ለመቀጠል የሚያስፈልገው ኃይል እያነሰ ይሄዳል። አጭሩን ስንጥቅ ለማስረዘም ብርቱ ጉድጓድ ያስፈልግ ይሆናል፤ ረጅሙን ግን የበር መዘጋት ይበቃዋል። በእኛ አገር ቆላ ደግሞ ፀሐዩ አለ። መተሐራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጋገር የዋለ መስተዋት ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ሲደፋበት፣ የውጪው ሲኰማተር የውስጡ እንደ ሞቀ ይቈያል፤ ጧት አንድ ስንዝር የነበረው ማታ ሁለት ክንድ ሆኖ ይገኛል።

የጥገናው ሥራ እንዲህ ነው። ባለሙያው በስንጥቁ ውስጥ ያለውን አየር በመምጠጫ ያወጣና ሬዚን የሚባል ጥርት ያለ ፈሳሽ ሙጫ በግፊት ያስገባበታል፤ ከዚያም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያደርቀዋል። አንዳንዱ ደግሞ ኃይሉ የሚከማችበትን ሹል ጫፍ ለማደንዘዝ፣ በስንጥቁ መጨረሻ ላይ በውጪው መስተዋት ብቻ ትንሽ ቀዳዳ ይሰረስራል። ሙጫው ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ከመስተዋቱ ጋር የተቀራረበ ስለ ሆነ ስንጥቁ ይደበዝዛል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ብርታቱም በከፊል ይመለሳል። ሆኖም ጥገናው የሚያምረው ፈጥኖ ሲደረግ ነው፤ አቧራና የሳሙና ውሃ ከገባበት ወዲያ ሙጫው በቆሻሻ ላይ ነው የሚደርቀው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ጠጠሩ ባረፈበት ቀን ጉድጓዷን በንጹሕ ፕላስተር ሸፍኖ ወደ ጠጋኝ የሚሄድ ሾፌር ግን ስንት አለ?

ስለ ረጅሙ ስንጥቅ ሊቃውንቱ ተከራክረዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ደረጃ እስከ 35 ሴንቲሜትር ገደማ የሚደርስ ስንጥቅ ሊጠገን እንደሚችል ተቀብሏል። እንግሊዞች ግን ጥብቅ ናቸው፤ በዓመታዊው ምርመራ በመሪው ትክክል 29 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ ከ10 ሚሊሜትር የበለጠ ጉዳት የተገኘበት መኪና አያልፍም፤ መጥረጊያው በሚጠርገው በቀረው ክፍል ደግሞ ከ40 ሚሊሜትር በላይ አይፈቀድም። እኔ በበኩሌ የሾፌሩን ዐይን በተመለከተ ከእንግሊዞች ጋር ነኝ።

መለወጥም ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለቴ አይደለም። በፋብሪካ የተጣበቀው መስተዋት የመኪናው አካል ነው፤ መኪናው ሲገለበጥ ጣራውን ይደግፋል፤ በብዙ መኪናዎችም ከተሳፋሪው ፊት የሚነፋው ኤርባግ የሚደገፈው በእርሱ ላይ ነው። ይህን ነቅሎ እስከ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የመጣ አሮጌ መስተዋት፣ ዝገቱ ባልተፋቀ ክፈፍ ላይ በማይረባ ሙጫ የሚለጥፍ ሰው፣ ትንሿን ጉዳት በትልቅ ጉዳት ለወጠ እንጂ ምንም አላዳነም። ትንሽ ከሆነች፣ ከዳርና ከሾፌሩ ዐይን ከራቀች ጥገናው ይበልጣል።

ባለፈው ዓመት ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ የሚኒባስ ሾፌር መኪናውን አሳየኝ። ስንጥቁ ከቦሎው ሥር ከመስተዋቱ ዳር ተነሥቶ ከክንድ በላይ ረዝሞ በመሪው ትክክል ያልፋል። ከፊሉን ስለ ትዕግሥት በሚናገር ጥቅስ ሸፍኖታል። (የታክሲ ጥቅስ እወዳለሁ፤ ይህን ግን አልወደድኩትም።)

«ጋሼ፣ በሙጫ ይያዛል የሚሉኝ አሉ፤ ባለ ንብረቱም መለወጥ ከፈለግህ ከደመወዝህ ነው ብለውኛል» አለኝ።

«ከፊትህ ሲያልፍ አያስቸግርህም?»

«ቀን ቀን ለምጄዋለሁ፤ ማታ ነው። የሲኖትራክ መብራት ሲመጣ መስመሩ በሙሉ ይነድዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰው አላየውም።»

ካስደነገጠኝ ሁሉ «ለምጄዋለሁ» ያለው ባሰብኝ። ከዳር የተነሣ፣ የቈየ፣ አቧራ የጠጣ፣ በዐይን ፊት የሚያልፍ ስንጥቅ ነውና ጥገና አይመልሰውም። አብረን ወደ ባለ ንብረቱ ሄድን። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ «መምህር፣ በዚህ ከተማ እንዲህ ሆኖ የሚሄደው መኪና ስንት ነው?» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ሲመሽ በሾፌሩ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ብቻ ለመንኳቸው። ተቀመጡ፤ ሾፌሩም የጎረቤት አይሱዙ ከፊታቸው አስመጥቶ መብራቱን አስበራ። በመብራቱ ፊት የልጅ ልጃቸው ቆሞ ነበር። ባለ ንብረቱ ጥቂት አጎንብሰው ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ፤ ከዚያም «ማነው እዚያ የቆመው?» ብለው ጠየቁ።

ጠጠር የሾፌሩ ጥፋት ስላልሆነ የመስተዋቱን ዋጋ እርሳቸው፣ መኪናው የሚቆምበትን የሁለት ቀን ገቢ ሾፌሩ ሊችሉ ተስማሙ። እኩል ነው አልልም፤ ነገር ግን ሾፌሩ ደስ ብሎት ተቀበለ። አዲሱ መስተዋት ከገባ በኋላ ሙጫው እስኪጠነክር ድረስ ጋራዡ መኪናውን አቆየው፤ የጎን መስተዋቶቹም ትንሽ ዝቅ ብለው እንዲቆዩ ታዘዘ፤ በር በኃይል ሲዘጋ ውስጥ የሚታፈነው አየር አዲሱን መስተዋት ወደ ውጪ ይገፋዋልና። ሥራ በጀመሩ ጧት ረዳቱ «አሰላ! አሰላ!» እያለ ሰው ከሞላ በኋላ እንደ ልማዱ በሩን ሊያላትመው ሲል፣ ሾፌሩ ከወንበሩ ወርዶ ራሱ ቀስ አድርጎ ዘጋው።