ስለ መኪና የአየር ከረጢት መቆጣጠሪያ አመራረጥ

ሰው ዕቃ ሲገዛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም መልኩን ይመለከታል። ዕቃው በእርግጥ የሚሠራው ምን እንደ ሆነ አጥብቆ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። እኔም ከብዙዎቹ አንዱ ስለ ነበርሁ፣ በመኪናዬ ምክንያት የደረሰብኝን ነገር ለአንባቢዎች ባካፍል፣ ባለ መኪና የሆነው ከኪሳራ፣ መኪና የሌለውም ይህን ከመሰለ ሌላ ስሕተት ይድንበት ይሆናል በማለት ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። ያለችኝ መኪና በአራቱም ጎማ የምትሄድ፣ ከፊት አምስት ሰው የምትይዝ፣ ከኋላ ደግሞ የጭነት ሣጥን ያላት ፒካፕ ናት። እኅቴ በሸዋ ሮቢት አጠገብ ስለምትኖር በየዓመቱ መኸር ሲገባ ወደዚያ እወርድና ለቤታችን የሚሆነውን እህል፣ እርሷም ዘንድ ሰንብተው የቆዩትን አሮጊት እናቴን ይዤ እመለሳለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ሸዋ ሮቢት ያለችው በ1,280 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው የጣርማ በር ተራራ አለ፤ መንገዱም ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል።

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ስድስት ኩንታል እህል ጭኜ፣ እናቴን፣ ባለቤቴንና ልጄን አሳፍሬ ከሸዋ ሮቢት ተነሣሁ። ደብረ ሲናን ስናልፍ መሸ፤ ወደ ዋሻው የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ስንጀምር ደግሞ ጉም ወረደብን። የመኪናዋ ጀርባ በጭነቱ ዝቅ፣ ግንባሯ ወደ ላይ ቀና ብሎ ስለ ነበረ፣ መብራቴ መንገዱን ትቶ ጉሙን ያበራ ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከላይ እየወረደ መጣ። ሾፌሩ ረጅሙን መብራት ያበራሁበት መስሎት ደጋግሞ ምልክት ሰጠኝ፤ እኔ ግን ያበራሁት አጭሩን ስለ ነበረ የምቀንሰው አልነበረኝም። ብርሃኑ ዓይኑን ሲወጋው ወደ ገደሉ ጠርዝ ተጠጋ፤ የመንገዱ ዳር ጠጠር ወደ ገደሉ ሲረግፍ በጆሮዬ ሰማሁ። እርሱም ቆመ፤ እኔም ቆምሁ። ሾፌሩ ወርዶ ወደ እኛ መጣና ከውስጥ እናቴን ባየ ጊዜ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ መብራትዎን ያስተካክሉ፤ እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎኝ ሄደ። ይህች ቃል ከስድብ ሁሉ የበለጠ ከበደችኝ።

በማግሥቱ መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። እርሱም መብራቱ ምንም ጉድለት እንደሌለበት፣ ነገሩ ከጀርባ መሆኑን አስረዳኝ። ጭነቱ ከኋለኛው ጎማ በላይና ከዚያም ወዲያ ሲያርፍ ባሌስትራው ይጎብጣል፤ ጀርባው ሲወርድ ግንባሩ ይነሣል። ግንባሩ ሲነሣም መብራቱ የሌላውን ሰው ዓይን ይወጋል፤ በፊት ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት ስለሚቀንስም መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም እንደ ወትሮው አይዝም። መድኃኒቱ ከሁለት አንዱ ነው አለኝ፦ ወይ በባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል መጨመር፣ ወይም በአየር የሚሞላ ከረጢት ማስገባት። ተጨማሪው ቅጠል ርካሽና ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ባዶዋን ስትሄድ መኪናይቱ እንደ በቅሎ ታንገላታለች። የአየሩ ከረጢት ግን ጭነት ሲኖር ይነፋል፤ ጭነት ሲራገፍ ይተነፍሳል። እኔም ሁለተኛውን መረጥሁ።

የአየር ከረጢት ማለት ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራ፣ በመኪናው ሻንሲና በኋለኛው አክስል መካከል በግራና በቀኝ የሚገባ ፊኛ መሰል ነገር ነው። ከባሌስትራው ጋር ሸክሙን ይካፈላል እንጂ ባሌስትራውን አያስወጣውም። ለእንደዚህ ያለው ፒካፕ በሚሠሩት የተለመዱ ከረጢቶች ውስጥ የሚገባው አየር፣ የጎማ ሠራተኞቻችን በሚያውቁት የግፊት መለኪያ በፒ.ኤስ.አይ. ሲቆጠር፣ ከ5 እስከ 100 ይደርሳል። አየሩን የሚያስገባውና የሚያስወጣው ክፍል ደግሞ መቆጣጠሪያ ይባላል። ከረጢቶቹ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱና ጭንቀቱ ያለው መቆጣጠሪያውን በመምረጥ ላይ ነው።

ይህ ጭንቀት በእኔ የተጀመረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 የወጣው የካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮም በአየር ላይ የተቀመጠ መኪና ነበር፤ ዳሩ ግን አየሩ እያፈሰ ስላስቸገራቸው ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ከረጢቱን አስወጥተው የብረት ሞላ አስገቡበት። በ1992 ደግሞ ሬንጅ ሮቨር በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የአየር ተሸካሚ ይዞ ወጣ፤ በዚያም ላይ ቢሆን ወደ ብረት ሞላ የተመለሱ ባለቤቶች ጥቂቶች አልነበሩም። ከዚህ የምንረዳው፣ በአየር መቀመጥ ምቾት ቢኖረውም፣ አየሩን የሚያስተዳድረው ክፍል ካልታመነ ምቾቱ እንደማይቆይ ነው።

ልጄ በዘመኑ መሣሪያ ሁሉ ዐዋቂ ነው። «አባባ፣ በስልክ የሚታዘዘውን ይግዙ፤ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ከነገሩት ራሱ ይጠብቅልዎታል» አለኝ። እኔም «ራሱ ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ወደድሁት። በዱባይ የሚኖር የእኅቴ ልጅ ከረጢቶቹንና መቆጣጠሪያውን አንድ ላይ አመጣልን፤ የጎደለውን ማያያዣም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ገዝተን መካኒኩ ገጠመልን። መኪናይቱ ባዶ ሳለች 30 ፒ.ኤስ.አይ. አዘዝነው። ጀርባዋ ቀና ሲል ባየሁ ጊዜ ችግሩ ሁሉ ያለፈ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ጉዞ ግን ስድስቱ ኩንታል ሲጫን ከመኪናይቱ ሥር የሚተነፍስ ድምፅ ተሰማ፤ ዓይናችን እያየም ጀርባዋ ጭራሽ ወረደ። እጅግ ተናደድሁ። የተሰበረ ዕቃ ሸጡልን ብዬም በባዕድ አገር ያለውን ነጋዴ ሁሉ ረገምሁ። መካኒኩ ግን በጥሞና ሲመረምር ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ መሣሪያው አልተሰበረም፤ የታዘዘውን ፈጸመ። እርስዎ 30 ጠብቅ አሉት። ጭነቱ ሲመጣ ከረጢቱ ተጨምቆ ግፊቱ ከ30 በላይ ወጣ፤ እርሱም ታማኝ ሆኖ ትርፉን አየር አስወጣ። ከፍታውን ጠብቅ ብሎ ያዘዘው ሰው የለም።»

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የፈለግሁት ከፍታ ነበረ፤ ያዘዝሁት ግን ግፊት ነው። መሣሪያው የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ስለ ሆነ ከፍታን ሊጠብቅልኝ አይችልም ነበር። ጥፋቱ የሠሪውም የሻጩም አልነበረም፤ የሚለካውን ሳልጠይቅ የገዛሁ የእኔ ነበር። የበታች ሠራተኛውን «መዝገቡ አይጉደል» ብሎ አዝዞ፣ ሥራው ሲጎድል የሚቆጣ አለቃም ከእኔ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ እንደገና መጠየቅና መማር ጀመርሁ። መቆጣጠሪያዎቹ በሦስት ወገን እንደሚከፈሉም ተረዳሁ። የመጀመሪያው በእጅ የሚታዘዝ ሲሆን፣ በሾፌሩ አጠገብ ሁለት ቁልፎችና ሁለት የግፊት መለኪያዎች አሉት፤ ሾፌሩ ራሱ ይነፋል፣ ራሱም ያስተነፍሳል። ሁለተኛው ግፊትን የሚጠብቀው ነው። ቀስ በቀስ የሚያፈስ ቢኖር ይሞላል፤ ጭነቱ ሲለወጥ ግን እንደ ነገርኋችሁ ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህም ከተጫነ በኋላ አዲስ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ሦስተኛው ከፍታን የሚጠብቀው ነው። ይህም በአክስሉና በሻንሲው መካከል በተዘረጋች ትንሽ ክንድ አማካይነት የመኪናውን ከፍታ ይለካል፤ ጭነት ቢጨመርም ቢቀነስም ወደ ታዘዘበት ልክ ይመልሰዋል። በየጉድጓዱ አየር ሲያስገባና ሲያስወጣ እንዳይውልም ጥቂት ጊዜ ታግሦ የሚፈርድ መሆን አለበት። በየሰዓቱ ሰው ለሚያወጣና ለሚያወርድ መኪና ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ዳሩ ግን ያች ክንድ ለጭቃና ለድንጋይ የተጋለጠች ናት፤ ጎማ ለመለወጥ በክሪክ በሚነሣበትም ጊዜ መሣሪያው ካልተዘጋ፣ መኪናው ከልክ በላይ ከፍ ያለ መስሎት አየሩን ያስወጣዋል።

የአገራችን ደጋና ቆላም በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ አለው። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲበርድ ይሰበሰባል። በደብረ ብርሃን ቀን በ20 ዲግሪ 40 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ከረጢት፣ ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ምንም ሳያፈስ ወደ 37 ወይም 38 ዝቅ ይላል። ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድም የውጪው አየር ክብደት ስለሚጨምር የመለኪያው ቁጥር በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ያካክሰዋል። ይህን ያላወቀ ሰው ከረጢቱ ተቀደደ ብሎ ጋራዥ ለጋራዥ ይንከራተታል። የእኔም ልጅ አንድ ማለዳ እንዲሁ ደንግጦ ነበር፤ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀባንና አረፋ አለመውጣቱን ስናይ፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ታገሥን፤ ቁጥሩም ራሱ ተመለሰ። በደጋ ያለው አየር ስስ ስለ ሆነም ኮምፕሬሰሩ ከረጢቱን ለመሙላት ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ እንዳይግል ማሳረፍ ይገባል።

ይህን ሁሉ ካመዛዘንሁ በኋላ በእጅ የሚታዘዘውን መረጥሁ። ምክንያቱም የእኔ ጭነት የሚለወጠው በጉዞው መነሻና መድረሻ ብቻ ስለ ሆነ ነው። የግራውና የቀኙ ቧንቧ እንዲለያይም አደረግሁ፤ ሁለቱ በአንድ ቧንቧ ከተገናኙ መኪናይቱ በጠመዝማዛ ላይ ስትዞር አየሩ ከተጨነቀው ከረጢት ወደ ሌላው እየሸሸ መዘንበሏን ያባብሰዋልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቧንቧው ጫፍ እንደ ጎማ ያለ መንፊያ አፍ አስገጠምሁ። ኮምፕሬሰሩ ቢቃጠል፣ ፊውዙም ቢበጠስ፣ በደብረ ሲና ያለ ማንኛውም ጎሚስታ ሊነፋልኝ ይችላል። ዕቃ በምንመርጥበት ጊዜ «ምን ይሠራል?» ከሚለው ቀጥሎ «በተበላሸ ጊዜስ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ የተማርሁት በዚህ ነው።

መካኒኩ ሦስት ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ እኔም ለእናንተ አስተላልፋለሁ። አንደኛ፣ ከረጢቱ ጀርባን ያቀናል እንጂ መኪናው እንዲሸከም ከተወሰነለት ክብደት በላይ እንዲጫን አይፈቅድም፤ ከልክ ያለፈ ጭነት በከረጢት ቢደገፍ ሻንሲው ራሱ ሊጎብጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ላስቲኩ ከጭስ ማውጫው ሙቀት መራቅ ወይም በብረት መከለል አለበት። ሦስተኛ፣ በአየር ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ አየር ሳያስጠነቅቅ ይወጣልና፣ መጀመሪያ ጽኑ የብረት ማቆሚያ ይደረግ።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ያንኑ ስድስት ኩንታል ጫንሁ። በሸዋ ሮቢት መኪናይቱን በደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ባዶ ሳለች ከመሬት እስከ ጎማው ቅስት ድረስ ለክቼ የያዝሁትን ቁጥር አወጣሁ፤ ጀርባዋ ወደዚያው ልክ እስኪደርስም ግራና ቀኙን በየተራ ነፋሁ። መብራቷንም በግድግዳ ላይ አይቼ ተነሣን። በጣርማ በር ሲመሽብን ጉሙ እንደ አምናው ወረደ፤ የጭነት መኪናዎችም እየተከታተሉ መጡ። እያንዳንዱ ሲቀርብ እጄ መሪውን ጠበቅ ያደርግ ነበር። አንዱም ምልክት ሳይሰጠኝ ሁሉም በሰላም አለፉ። ከኋላ የተቀመጡት እናቴ የነገሩ ምክንያት አልተነገራቸውም ነበርና፣ «ዘንድሮስ መንገዱን አበጅተውታል መሰለኝ» አሉ። እኔም «አዎን እማማ፣ ተበጅቷል» ብዬ ዝም አልሁ።

አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እኔ አስቀድሜ ጠምጥሜ ኋላ ስለ ተማርሁ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ፤ አንባቢዎቼ ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲከፍሉ ምኞቴ ነው።