አገር የሌለው ቋንቋና ወዳጆቹ

ስታር ትሬክ ስለሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ሐተታ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ቀልድ ሊታየው ይችል ይሆናል። ዳንግላ ተቀምጦ ስለ ጠፈር መርከብ መጻፍማ ከቀልድም ያለፈ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ይህን ፊልም ከሃያ ዓመት በላይ ስከታተል የኖርሁ፣ ክፉውንም በጎውንም የማውቅ ወዳጁ ነኝና፣ ስለ ፊልሙ፣ ይልቁንም ስለ ወዳጆቹ ማኅበር ያለኝን አስተያየት ሳልሸሽግ ለመናገር መብት እንዳለኝ እቈጥራለሁ።

ፊልሙ በመጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ዘመናት ግን ሁሉም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ለአገራችን እንግዳ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሥርጭት ከጀመረ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። የደራሲው የጂን ሮደንቤሪ ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የሰው ልጅ በምድሩ ላይ ረኃብንና ጦርነትን አስወግዶ፣ ኢንተርፕራይዝ በተባለች መርከብ ተሳፍሮ ያልታወቁ ዓለማትን ለመውረር ሳይሆን ለማወቅ ይጓዛል የሚል ነው። ከመርከቢቱ መኰንኖች አንዱ የእስያ ሰው፣ አንዱ ሩሲያዊ፣ የመገናኛ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ኡሁራ የተባለች አፍሪካዊት ናት፤ ስሟም ነፃነት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ነው። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በኑክሊየር መሣሪያ በሚፋጠጡበት፣ ጥቁር አሜሪካውያንም ለመብታቸው አደባባይ በወጡበት ወቅት ይህን ማሳየት ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ወደ እኔ የደረሰው በሌላ ዘመንና በሌላ መንገድ ነው። የቪዲዮ ቤት ደንበኛ የሚወደው ካራቴና የህንድ ፊልም ነበርና፣ ወሬ የበዛበትንና ተኩስ ያነሰበትን ይህን ሥራ የሚከራየው ሰው ስላልተገኘ፣ ካሴቶቹ አቧራ ከሚጠጡ ይሻላል ተብለው በርካሽ ለእኔ ተሰጡኝ። እንግሊዝኛዬ ለግማሹ ብቻ ይበቃ ስለ ነበር ግማሹን በግምት ሞላሁት። ዛሬ ሳስበው ከግምቴ አንዳንዱ ከእውነተኛው ታሪክ የተሻለ ነበር።

ይሁን እንጂ ከፊልሙ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የተመልካቾቹ ነገር ነው። በ1968 የቴሌቪዥኑ ጣቢያ ተከታታዩን ሊያቋርጥ መሆኑ ሲሰማ፣ ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን የተባሉ ወዳጆቹ ሕዝቡን ቀስቅሰው ጣቢያውን በደብዳቤ አጥለቀለቁት። ጣቢያውም ተገድዶ ፊልሙ እንደሚቀጥል በራሱ ሥርጭት ለሕዝብ አስታወቀ። በርግጥ ዓመት ሳይቈይ በ1969 ዘጋው፤ ደግሞም የታየው ክፍል ሁሉ ሲደመር 79 ብቻ ነበር። ሌላ ሥራ ቢሆን እዚያው በተቀበረ። ነገር ግን በጥር 1972 ወዳጆቹ በኒው ዮርክ ከተማ ጉባኤ ሲጠሩ ከጠበቁት እጅግ የበለጠ ሕዝብ ጐረፈ። በ1976 ደግሞ ለፕሬዚዳንት ፎርድ በጻፉት ደብዳቤ የመጀመሪያዋ የአሜሪካ የጠፈር መመላለሻ ኢንተርፕራይዝ ተብላ እንድትሰየም አደረጉ። የሚያስቀው ያቺ መመላለሻ ለሙከራ ብቻ የተሠራች ስለ ነበረች አንድም ቀን ጠፈር አለመድረሷ ነው።

ኡሁራን ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ሥራውን ልትለቅ በቈረጠች ጊዜ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳትለቅ እንደ ለመኗት ራሷ በተደጋጋሚ ተናግራለች። ኋላም በ1977 ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ሴቶችና ጥቁሮች እንዲመለመሉ ቅስቀሳውን መርታለች። በልጅነቷ ኡሁራን ትመለከት የነበረችው ሜይ ጄሚሰንም በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በማግሥቱ ዓመትም በአንዱ የስታር ትሬክ ክፍል ላይ ታየች። ልብ ወለድ ሰውን እንዲህ አንሥቶ ከእውነተኛ መንኮራኩር ላይ ማስቀመጡን ሳይ፣ ፊልሙን የልጆች ጨዋታ ነው እያለ ለሚያጣጥል ሰው የምሰጠው መልስ አላጣም።

የኋላ ኋላ የመጡትን ተከታታዮች በሚመለከት አስተያየቴ የተለያየ ነው። ከ1987 ጀምሮ የታየው ሁለተኛው ትውልድ በመጀመሪያው ዓመት ደካማ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ሙሉ ሰው ሆነ። የመርከቢቱ ዋና መሐንዲስ፣ ዐይነ ስውሩ ጆርዲ ላፎርጅ፣ በታሪኩ የተወለደው ሞቃድሾ መሆኑን ሳውቅ ከጐረቤት አገር ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ከ2017 ወዲህ የወጡት ግን ጩኸታቸው ከሐሳባቸው በልጦብኛል። የወዳጆቹም ማኅበር ቢሆን ነቀፋ የለበትም አልልም። የትኛው ክፍል እውነተኛ፣ የትኛው ሐሰተኛ ታሪክ ነው እያሉ ሲካሰሱ ለሚሰማ፣ በሦስት ልደትና በሁለት ልደት የተከራከሩት የጐንደር ዘመን ሊቃውንት ትዝ ይሉታል፤ እነዚያ ግን ቢያንስ ስለ ነፍሳቸው ነበር የሚከራከሩት።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ወደ አንድ ጉዳይ ለመድረስ ነው፤ ይኸውም የክሊንጎን ቋንቋ ነው። ክሊንጎኖች በፊልሙ ውስጥ ጦረኛ የሆኑ የሌላ ዓለም ሕዝብ ናቸው። በ1979 በተሠራው ፊልም ጥቂት ቃላት ብቻ ይናገሩ ነበር። ለ1984ቱ ፊልም ግን ማርክ ኦክራንድ የተባለ የሥነ ልሳን ሊቅ ተጠርቶ ሙሉ ቋንቋ ፈጠረላቸው፤ መዝገበ ቃላቱም በ1985 ወጣ። ይህ ሰው የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው ሙትሱን ስለሚባል የካሊፎርኒያ ጥንታዊ ሕዝብ ቋንቋ ነበር። የዚያ ቋንቋ የመጨረሻ ተናጋሪ የሞተችው በ1930 ነው። በሌላ አነጋገር፣ ተናጋሪ ያለቀበትን ቋንቋ ከወረቀት ላይ ሲለቅም የኖረ ሊቅ፣ ተናጋሪ ኖሮት የማያውቅ ቋንቋ ፈጠረ።

ቋንቋው ለጆሮ ባዕድ እንዲሆን ሲል ኦክራንድ ብዙ ተራቀቀ። የዐረፍተ ነገሩን ሥርዓት «ዳቦውን በላ ልጁ» እንደ ማለት አድርጎ፣ ተሳቢውን አስቀድሞ ባለቤቱን መጨረሻ ላይ አኖረው። ሰላምታ የሚባል ነገር አልሰጣቸውም፤ ክሊንጎን ከክሊንጎን ጋር ሲገናኝ የሚለው «ምን ትፈልጋለህ?» ነው። የሰውን፣ የቤተሰቡን፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ የማይገባ የጎጃም ሰው ይህን ቢሰማ ጠብ ሊጭሩ የመጡ መስሎት ዱላውን ያነሣ ነበር። ከድምፆቹም መካከል እንግሊዝኛ የማያውቀውን፣ ከምላስ ሥርና ከእንጥል የሚወጣውን ድምፅ መረጠ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኔን የነካኝ። ያ ድምፅ ለእኔ ከሌላ ዓለም የመጣ አልነበረም። ከአንከሻና ከባንጃ የመጡ አገዎች በገበያ ሲነጋገሩ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ድምፅ ነው። አውንጊ የሚባለው ቋንቋቸው፣ አማርኛ የሌለው ይህ የእንጥል ድምፅ አለው። በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ይናገረዋል፤ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ በዞኑ ትምህርት ቤቶችም ይሰጣል። ሮበርት ሄትስሮን የተባለ ሊቅ የግሦቹን ሥርዓት የተነተነበትን መጽሐፍ ያሳተመው ስታር ትሬክ በተዘጋበት በዚያው በ1969 ነው። የሆሊዉድ ሰዎች የምድር ያልሆነ ለማስመሰል የለፉበት ድምፅ ዳንግላ ገበያ ላይ በርበሬ ሲሸጥበት ይውላል።

በ1992 በአሜሪካ የክሊንጎን ቋንቋ ተቋም ተመሠረተ። አባላቱ መጽሔት አሳተሙ፤ ሰዋስው አጠኑ፤ ጉባኤ አደረጉ። በ1996ም ሐምሌትን ሙሉ በሙሉ ወደ ክሊንጎንኛ መልሰው አሳተሙ። ምክንያታቸውም በ1991ዱ ፊልም ላይ አንድ የክሊንጎን መሪ፣ ሼክስፒርን ማጣጣም የሚቻለው በጥንተ ቋንቋው በክሊንጎንኛ ሲነበብ ነው ብሎ መቀለዱ ነበር። ሐምሌትን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ እንደ መለሰው አንባቢ ያውቃል። በአውንጊ ተተርጉሞ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። በ2018 ዱዎሊንጎ የተባለው የቋንቋ ማስተማሪያ ክሊንጎንኛን ሲጨምር አማርኛ እንኳ ገና አልገባበትም ነበር።

ይህን ስል የፈረንጅን ትርፍ ጊዜ ለማማት አይደለም። እንዲያውም ትጋታቸውን አከብራለሁ። ግን እንዲህ ያለው ፍቅር ቀላል ፍቅር ነው እላለሁ። አገር የሌለው ቋንቋ ድንበር የለው፣ ባላጋራ የለው፣ በእርሱ ስለ ተናገረ በትምህርት ቤት የተሳቀበት ልጅ የለው። ማንም ሰው ክሊንጎንኛን ወድዶ ከጐረቤቱ ጋር አልተቀያየመም። ሕያው ቋንቋ ግን ከባለቤቱ ታሪክ፣ ቂምና ተስፋ ጋር ተቈራኝቶ ስለሚመጣ፣ የሚወድደውን ሰው ያስከፍለዋል።

የባለቤትነትም ነገር አለ። በ2015 መጨረሻ የፊልሙ ባለመብት የሆኑ ኩባንያዎች አክሳናር የተባለ ፊልም በራሳቸው መዋጮ ሊሠሩ የተነሡ ወዳጆችን ከሰሱ፤ የእኛ ናቸው ካሏቸው ነገሮች መካከልም የክሊንጎን ቋንቋ ተጠቅሶ ነበር። ቋንቋ ፈጣሪዎች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር ቋንቋ በግል ሊያዝ አይችልም ብሎ ለፍርድ ቤቱ ጽሑፍ አቀረበ፤ ከጽሑፉም አንዳንዱ ሐረግ በክሊንጎንኛ የተጻፈ ነበር። ክርክሩ በ2017 በስምምነት ስላለቀ ዳኛው ቋንቋው የማን እንደ ሆነ ሳይፈርዱ ቀሩ። ወዳጆቹ ከሠሩት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። በ1968 የታገሉት እንዲመለከቱ እንዲፈቀድላቸው ነበር፤ በ2016 ግን የታገሉት እንዲናገሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ የማልረሳው ግን የአንድ አሜሪካዊ አባት ታሪክ ነው። ይህ ሰው ልጁ ሲወለድ በክሊንጎንኛ ብቻ ሊያናግረው ወሰነ፤ ሦስት ዓመት ያህልም ሞከረው። ልጁ ቋንቋውን በሚገባ ይሰማ ነበር። እያደገ ሲሄድ ግን ከአባቱ በቀር የሚናገርበት ሰው እንደ ሌለ ተረድቶ ይመስላል፣ አባቱ በክሊንጎንኛ ሲጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልስ ጀመር። አባትየውም ልጁን ማስገደድ ስላልፈለገ ተወው።

ባለፈው ዓመት፣ አውንጊ አፍ የፈቱበት አንድ ሽማግሌ ጐረቤቴ ቤቴ ገብተው ቡና ስንጠጣ፣ የክሊንጎን አለቆች ምክር ቤት ተቀምጠው የሚሟገቱበትን ክፍል ከፈትሁላቸው። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ሰሙና፣

«እኒህ የት አገር ሰዎች ናቸው?» አሉኝ።

«አገር የላቸውም አባባ፤ የተፈጠረ ነው» አልኋቸው።

«ቋንቋውም?»

«አዎን፣ ቋንቋውም። ግን ከመጽሐፍ እየተማሩ የሚናገሩት ሰዎች አሉ።»

ፍንጃላቸውን አስቀመጡና «ልጆቻቸውስ ይመልሱላቸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የዚያን አባት ታሪክ ነገርኋቸው። ምንም ሳይሉ ትንሽ ቈዩ፤ ከዚያም ሰዎቹ የተቈጡበትን ቦታ ወደ ኋላ መልሼ እንደ ገና እንዳሳያቸው አዘዙኝ።