ጭቃ የሸፈነው መስመር

መኪና ስትታመም ዝም አትልም። አስቀድማ ትጮኻለች። የማንሰማት እኛ ነን።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከአጎቴ ጋር በአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ሆኜ አየሁት። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ እናንተን ፊደል አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ግን ማንበብ እየቻልኩ ሳላነብ ቀርቼ በሰው ላይ ጣጣ አመጣሁ። እሱን ልንገራችሁ።

አጎቴ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። «ጋሼ» ነው የምላቸው። ሀብታቸው ያቺ መኪና ነበረች። በገበያ ቀን ሰውና እህል ይጭኑባታል። በሌላው ቀን ደግሞ በሽተኛና ወላድ ያደርሱባታል። አገራችን ከአንኮበር በታች ቁልቁለት ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። አራቱም ጎማዋ የሚገፋ መኪና ካልሆነች አትወጣውም። እንዲህ ያለችውን መኪና ሾፌሮች «ፎር ዊል» ይሏታል።

በሰኔ ወር አንድ ቀን ወንዙ ሞልቶ አገኘነው። ጋሼ ቀስ ብለው ተሻገሩ። ውሃው ከጎማው እምብርት በላይ ደርሶ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ከወደ ኋላ እንደ ንብ መንጋ «እምምም» የሚል ድምፅ መጣ። ነዳጅ ሲሰጧት ድምፁ ይጨምራል። እግራቸውን ሲያነሱ ይቀንሳል።

ተሳፋሪው «ምንድነው እሱ የሚጮኸው?» ሲል፣ ጋሼ «እርጅና ነው» ይሉና ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጉታል። እኔም ዘፈኑን እወደው ስለነበር ደስ ይለኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? በሐምሌ አጋማሽ መኪናዋ ዳገት ላይ «ቋ!» ብላ ቆመች። በሌላ መኪና ተጎትታ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ገባች።

የተሰበረው የኋላው ዲፈረንሻል ነው። ዲፈረንሻል ምንድን ነው? በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል፣ ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ እንደ ቅል ያበጠ ብረት አይታችሁ ይሆናል። እሱ ነው። የሞተሩ ኃይል ካርዳን በሚባል ረጅም ብረት መጥቶ እዚያ ይገባል። ውስጡ አንድ ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት አለ። ትንሹ ትልቁን ክብ ባለ ጥርስ ብረት ያዞራል። ትልቁ ደግሞ ጎማዎቹን ያዞራል።

ሌላም ሥራ አለው። በሬ ጠምዳችሁ የእርሻው ዳር ደርሳችሁ ስትመለሱ አስቡት። በውጭ በኩል ያለው በሬ ብዙ ይራመዳል። በውስጥ በኩል ያለው ጥቂት ይራመዳል። መኪናም ስትታጠፍ እንዲሁ ናት። ዲፈረንሻሉ የውጩ ጎማ ብዙ፣ የውስጡ ጎማ ጥቂት እንዲዞር ያደርጋል።

መካኒኩ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። የታችኛውን ብሎን ሲፈቱት ዘይቱ ወረደ። መልኩ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል።

«ውሃ ገብቶበታል» አሉ። «ስትሄዱ ብረቱ ይግላል። የጋለውን ብረት ወንዝ ውስጥ ስትከቱት በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ያን ጊዜ ውሃውን በቀዳዳው ይስበዋል። ውሃ ያለበት ዘይት ጥርስ አይጠብቅም። ድምፅ የሰማችሁት መቼ ነው?»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። «ወር ሆኖታል» አሉ።

«ወንዙን በተሻገራችሁ ማግስት ብትመጡ ኖሮ፣ ዘይት ቀይሬ እሸኛችሁ ነበር።»

ከዘይቱ ጋር የብረት ስባሪ ወጣ። ትንሹም ትልቁም ጥርስ ተበላሽቷል። አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም። ወፍጮና መጅን አስቡ፤ አብረው ተፈጭተው ነው የሚስማሙት። እነዚህም ጥንድ ሆነው ይገባሉ፣ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። አዲሱ ጥንድ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ጋሼ ሁለት ጊደር ሸጡና አዲስ አበባ ወርደው አሮጌ ዲፈረንሻል ሊገዙ ተነሡ።

ከመሄዳቸው በፊት ጠሩኝ። የመኪናዋ ሞተር ባለበት ክፍል ውስጥ ትንሽ የጽሑፍ ቆርቆሮ አለ። የመኪናዋ ዓይነትና ቁጥር የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው። ጋሼ አማርኛ እንጂ የፈረንጁን አያነቡም።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ያለውን ሁሉ ጻፍልኝ» አሉኝ። ጨርቅም ሰጡኝ።

የላይኞቹን መስመሮች ጻፍኩ። የመጨረሻውን መስመር ጭቃና ዘይት ሸፍኖታል። ጨርቁ በእጄ ነበር። አልጠረግሁትም። ጓደኞቼ ኳስ ሜዳ ይጠብቁኝ ነበር። «ይኸው ነው ጋሼ፣ ሌላ የለውም» ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

ነጋዴው ወረቀቱን አይቶ «ላንድክሩዘር ላንድክሩዘር ነው፤ ይገባል» አላቸው። እውነትም ገባ። መካኒኩ «ከዚያችው ዓይነት መኪና የወጣ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሼም «አዎ፣ ቁጥሩን አሳይቼ ነው የገዛሁት» አሉ። መኪናዋ ዝም አለች። ጋሼ ደስ አላቸው። ሬዲዮኑንም ዘጉት።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዳገት ላይ ትንሽ ሰነፈችብኝ» ይሉ ነበር። እኔም አዋቂ ሆኜ «ጭነት በዝቶ ነው» እላለሁ።

በነሐሴ አንድ ሌሊት አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ያዛት። ዝናብ ነበር። ጋሼ ተነሡ፤ እኔም ባትሪ ይዤ ተሳፈርኩ። ጭቃው ላይ ስንደርስ ፎር ዊል አስገቡ። መኪናዋ ጭቃውን ወጣችው። ድንጋያማው መንገድ ላይ ስንደርስ ግን እንደ ታሰረች ከብት ትወራጭ ጀመር። ጋሼ ፎር ዊሉን ሊያወጡ ዘንጉን ቢጎትቱት ነክሶ ያዘ፤ አልወጣ አለ። ጥቂት እንደሄድን ከፊት በኩል ብረት ተሰበረ። የፊቱ ካርዳን መጋጠሚያ ነው። ከፊታችን ሌላ ጭቃ ነበር፤ የኋላው ጎማ ብቻውን አልቻለውም።

ወንዶቹ ቃሬዛ አበጁ። ሴትዮዋን ተሸክመው ሁለት ሰዓት ያህል በጨለማ ወጡ። እኔ ከፊት ሆኜ ባትሪውን አበራለሁ። በእያንዳንዱ ጩኸቷ እግሬ ይከዳኝ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ጤና ጣቢያ ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

መኪናዋ እንደገና ደብረ ብርሃን ገባች። ሽማግሌው መካኒክ በዝምታ አዩዋት። ከዚያ ሦስቱን ጎማዎች በድንጋይ ወደኑ፤ ማርሹን ነፃ አደረጉ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሡ። በጎማውና በካርዳኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ።

«አንተ ተማሪ» አሉኝ። «እኔ ጎማውን 20 ጊዜ አዞራለሁ። አንተ ካርዳኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠር።»

ቆጠርኩ። 37 ጊዜ ዞረ።

ወደ ፊት ሄደን አንዱን የፊት ጎማ እንደዚያው አነሣን። የተሰበረው ካርዳን ተፈትቶ ስለነበር፣ ምልክቱን ካርዳኑ በሚታሰርበት አንገት ላይ አደረግን። 20 ጊዜ ጎማው ዞረ። አንገቱን ቆጠርኩ። 41 ጊዜ ዞረ፤ ትንሽም አለፈ።

መካኒኩ ከማዕዘን የድሮውን የተሰበረ ጥርስ አመጡ። «ይህንንም ቁጠር» አሉ። ትልቁ 37 ጥርስ አለው። ትንሹ 9 ጥርስ አለው። የተገዛው ግን ትልቁ 37፣ ትንሹ 10 ነው። የአንድ ጥርስ ልዩነት ነው።

አንድ ጥርስ ምን ያደርጋል? በእኛ መኪና የኋላው 100 ሜትር ልሂድ ሲል፣ የፊቱ የሚሄደው 90 ሜትር ነበር። በሁለት ጎማ ብቻ ስትነዳ አይታወቅም። በጭቃ ላይም ጎማው እየተንሸራተተ ያልፋል። በደረቅ መሬት ፎር ዊል ሲገባ ግን፣ አንዱ በሬ የሚሮጥ፣ አንዱ የሚያዘግም፣ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ማለት ነው። ቀንበሩ ይሰበራል።

መካኒኩ ጥፋቱን ለራሳቸውም ወሰዱ። «ከመግጠሜ በፊት መቁጠር ነበረብኝ። ሰው ሲነግረኝ አመንኩ» አሉ። ከዚያ ጨርቅ አንሥተው የቆርቆሮውን የመጨረሻ መስመር ጠረጉ። የዲፈረንሻሉ ምልክት እዚያ ነበረ። ደህና ሆኖ ይነበባል።

ጋሼ አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ነጋዴው ዕቃውን መልሶ ሲወስድ ከዋጋው ግማሹን አስቀረ። ጋሼ ሌላ ሲገዙ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ራሳቸው ቆጠሩ። ትልቁ 37፣ ትንሹ 9። ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡን የከፈሉት።

«እኛ መኪና የለንም፤ ይህ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። የምትሳፈሩበት መኪና አለ። የማኅበራችሁ ወይም የጤና ጣቢያው መኪና ይኖራል። ስለዚህ መካኒኩ ያስተማሩንን እነሆ፦

1. ድምፁን ለዩ። ነዳጅ ሲሰጥ የሚጨምር፣ ሲለቀቅ የሚቀንስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከጥርሱ ነው። ነዳጅ ተሰጠም ተለቀቀም የማይለወጥ፣ ከፍጥነት ጋር ብቻ የሚያድግ ጉርምርምታ ከሆነ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች ሲወጣ የሚለወጥ ከሆነ ግን ጎማውን ጠርጥሩ።

2. ዘይቱን እዩ። መኪናዋ በሜዳ ላይ ትቁም። የላይኛውን ብሎን ፍቱ። ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ መድረስ አለበት። ሊቀየር ሲሆንም መጀመሪያ የላይኛው ይፈታ። የታችኛውን ከፍታችሁ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው እምቢ ካለ፣ መሙያ የላችሁም።

3. ከጥልቅ ውሃ በኋላ ዘይቱን ሳታዩ አትደሩ። ወተት ከመሰለ ያኔውኑ ይቀየር። ከላይ ያለችው የአየር መተንፈሻም በጭቃ አትደፈን። ከተደፈነች ዘይቱ በዳር በኩል ወጥቶ ፍሬን ያበላሻል።

4. በዘይቱ ውስጥ ያለውን ብረት እዩ። እንደ ጥሩ ዱቄት ያለ ጥቂት ነገር የተለመደ ነው። ስባሪ ከሆነ ግን መኪናዋ ትቁም።

5. ዲፈረንሻል ሲቀየር የፊቱና የኋላው ቁጥር አንድ ይሁን። ሳትቆጥሩ አትግዙ። አዲስ ጥርስ ሲገባም ሥራው የባለሙያ ነው። በሁለቱ ጥርሶች መካከል የሚተወው ክፍተት ከሩብ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይለካም።

6. አዲስ ጥርስ የገባላት መኪና የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት አትጫን፤ አትሩጥም። ከዚያ ዘይቷ ይቀየር።

ጋሼ ዛሬም ይነዳሉ። ድምፅ ሲሰሙ ሬዲዮኑን ይዘጋሉ እንጂ ከፍ አያደርጉም። የዚያን ሌሊት የተወለደችው ልጅም አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሳያት ያ ጨርቅ ትዝ ይለኛል።

እናቶችና አባቶች፣ እናንተ አሁን ማንበብ ጀምራችኋል። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የውል ወረቀት በእጃችሁ ይገባል። የመጨረሻውን መስመር ጭቃ ሸፍኖት ካገኛችሁት «ሌላ የለውም» አትበሉ። ጥረጉት፤ አንብቡት።