ሁለት ቅጂ፣ አንድ ወሬ

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ለዓመታት የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። ስልካቸው ላይ ከመዝሙሩ ሌላ ትንሽ የፈረንጅ ሙዚቃም አለ፤ አዲስ አበባ ያለው የወንድማቸው ልጅ በሚሞሪ ካርድ የጫነላቸው ነው። ከመካከሉ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይገኛል፦ የጉስታቭ ማህለር 5ኛ ሲምፎኒ አራተኛ ክፍል።

"ያው አንድ አይደለም እንዴ ጋሼ? አንዱን ያጥፉትና ለፎቶ ቦታ ይልቀቁ" ብሎ የመከራቸው የጎረቤት ወጣት ነበር። መምህሩ አልተከራከሩም። ቁጭ አድርገው ሁለቱንም አስደመጡት።

ማህለር ይህን ሲምፎኒ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1901 እና በ1902 ነው። አራተኛው ክፍል ላይ ጥሩምባውም ከበሮውም ዝም ይላል፤ የሚሰሙት ቫዮሊንና ዘመዶቹ፣ ከእነሱም ጋር ሃርፕ ብቻ ናቸው። አቀናባሪው ኖታው ራስ ላይ "በጣም በዝግታ" የሚል ትእዛዝ አስፍሯል። "በጣም" ግን ስንት ደቂቃ ነው? እሱን የሚወስነው ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው ነው።

መምህሩ ዘንድ ያለውን የመጀመሪያ ቅጂ ብሩኖ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1938 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ቀድቶታል። ዋልተር በወጣትነቱ የማህለር ረዳት የነበረ ሰው ነው። የእሱ ቅጂ 8 ደቂቃ አይሞላም። ሁለተኛውን በርናርድ ሃይቲንክ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 የቀዳው ሲሆን ወደ 14 ደቂቃ ይጠጋል። ኖታው ላይ የተጨመረም የተቀነሰም የለም።

የሚሰማው ግን ሌላና ሌላ ነው። በዋልተር እጅ ዜማው ይራመዳል፤ የልቡን ለመናገር የጓጓ ሰው ይመስላል። ማህለርን በቅርብ ያውቅ የነበረው ሆላንዳዊው መሪ ቪለም ሜንግልበርግም ይህ ክፍል ለአልማ፣ ኋላ የማህለር ሚስት ለሆነችው ሴት፣ በደብዳቤ ፈንታ የተላከ የፍቅር ቃል መሆኑን በራሱ ኖታ ላይ ጽፎ አልፏል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1926 ሲቀዳው 7 ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀበት። በሃይቲንክ እጅ ግን ያው ዜማ ስንብት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ኬኔዲ ሲሸኝ ኒው ዮርክ በሚገኘው ቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ሌናርድ በርንስታይን የመራው ይህንኑ ክፍል ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያውቀው በለቅሶነቱ ነው።

ወጣቱ ሁለቱንም ሰምቶ "የመጀመሪያው ሠርግ ነው፤ ሁለተኛው ለቅሶ" አለ።

"አንዱን ብቻ ሰምተህ ቢሆን፣ ሥራው እሱ ነው ብለህ ትምል ነበር" አሉት መምህሩ።

ይህን ከተናገሩ ብዙም ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም አብሮ ጠፋ። ነቀምቴ ላይ መደወል ይቻል ነበር፤ የሚደወልለት ሰው ስልክ ካልሠራ ግን ምን ዋጋ አለው? የመምህሩ ታላቅ እህት ከነባለቤታቸው ደምቢ ዶሎ ነበሩ። ባለቤታቸው ደግሞ ቆየት ያለ ሕመም ነበረባቸው።

ወሬ የሚገኘው መናኸሪያ ብቻ ሆነ። ጥር ላይ አንድ ነጋዴ ከደምቢ ዶሎ መጣ። የመምህሩን ቤተሰብ ያውቃል። "ቤታቸው ናቸው፤ የትም አልሄዱም" አላቸው። ፊቱ ፈገግ ያለ፣ ጉዳዩ የተሳካለት ሰው ነበር። መምህሩ ተመስገን ብለው ገቡ።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። እሷም "ቤታቸው ናቸው፤ የትም አልሄዱም" አለች። ቃሉ ያው ነው። እሷ ግን በቀስታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው ያለችው። መምህሩ የነጋዴውን ያዙ። የሴትየዋን የመንገድ ድካም ነው ብለው አለፉት። "እንዴት ማለትሽ ነው?" ብለው እንኳ አልጠየቋትም።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል መስመሩ ተመለሰ። እህታቸው ስልኩን አነሱ። ባለቤታቸው ጥርን በሙሉ አልጋ ላይ ከርመው በየካቲት አርፈዋል፤ ተቀብረዋልም። ያን ጊዜ ደግሞ ኮሮና ገብቶ ነበርና መምህሩ ለቅሶ የደረሱት በስልክ ነው። እህትየው በእንባቸው መሃል "አንተስ ተርፈሃል? ነቀምቴ ጠፋች ብለውን ነበር እኮ" አሏቸው። ደምቢ ዶሎም የደረሰው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር።

መስመር ሲዘጋ ወሬ አይቆምም፤ የሚቀረው ማመሳከሪያው ነው። መንግሥት የሚለውን፣ ተቃዋሚ የሚለውን፣ መናኸሪያ የሚባለውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አይቻልም፤ ሁሉም ሰው የደረሰውን አንዱን ቅጂ እውነት አድርጎ ይኖራል። ለዚህ የዘጋው አካል ተጠያቂ ነው።

መምህሩን ዛሬም የሚቆጫቸው ግን ሌላው ነው። ለእሳቸው ሁለተኛው ቅጂ ደርሷቸው ነበር። 8 ደቂቃውን ከ14ቱ ለይቶ የሚያውቀው ጆሮ የገዛ ቤተሰባቸው ወሬ ላይ ሲደርስ ደስ የሚለውን መረጠ። መኪና ይሄድ ነበር፤ አማቻቸውን በሕይወት ሊያገኟቸው ይችሉ ነበር።

አሁን መስመር ክፍት ነው ይባላል። ስንት ሰው ነው ታዲያ ደስ በሚለው ፍጥነት የሚነግረውን ቻናል ብቻ እየተከተለ ያለው? ሌላኛው ቻናል አንድ ጣት መንካት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የነጋዴውን ፈገግታ የመረጠ ሰው ግን አይነካውም።

ሁለቱ ፋይሎች ዛሬም የመምህሩ ስልክ ላይ አሉ። ቦታ ሲጠብባቸው የሚያጠፉት ፎቶ ነው።