ማኅበር ለማን?

አንድ የተማሪዎች ማኅበር «ዓላማችሁ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ከመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ያነብባል። እዚያም በመንፈሳዊ ሕይወት ስለ መታነጽ፣ አንድነትን ስለ ማጠንከር፣ መልካም ጠባይን ስለ ማስፋፋት የሚናገሩ ቃላት ተደርድረው ይገኛሉ። ቃላቱ መልካም ናቸው፤ የሚቃወማቸውም የለም። ችግሩም ይኸው ነው። ማንም የማይቃወመው ዓላማ ማንንም ከአልጋው አያስነሣም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በ2016 ዓ.ም. በእኛው የክርስቲያን ተማሪዎች ማኅበር የተነሣው ክርክር ነው። የማኅበሩን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ መሰሎቹ በየግቢው ሞልተዋልና አንባቢ የራሱን ቢያስብ ይበቃል። በመዝገባችን የስልሳ ሦስት ሰዎች ስም ይገኝ ነበር፤ ዓርብ ማታ ለጸሎት የሚመጣው ግን ከዐሥራ አምስት አያልፍም። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ስለ ተመረጥሁ የሦስት ዓመቱን ቃለ ጉባኤ አገላበጥሁት። ከውሳኔዎቹ የሚበዙት ስለ ምን ይመስሏችኋል? ስለ ምሥረታ በዓል! የበዓሉ ቀን፣ በሸራው ላይ የሚጻፈው ቃል፣ የከናቴራው ቀለም። (ስለ ከናቴራው ቀለም ብቻ ሁለት ጊዜ ተሰብስበናል።) አንድ ማኅበር የተወለደበትን ቀን ለማክበር ብቻ ይኖራልን?

በዚያ ዓመት በኅዳር ወር አንድ ዝምተኛ ዲያቆን፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ተነሥቶ «ይህ ማኅበር ነገ ቢዘጋ ከእኛ ሌላ የሚጎዳው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ስም የሚጠራ ጠፋ። እርሱም «እንግዲያው እንዝጋውና እያንዳንዳችን በየአጥቢያችን እናገልግል» አለ። በቁጣ የመለሱለት ነበሩ፤ ነገሩ በድምፅ ሊወሰን ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ።

በበኩሌ ጥያቄው ማኅበሩን አልፎ ወደ እኔ መጣ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተመደብሁበት የትምህርት ክፍል በቅጹ ላይ አራተኛ አድርጌ የጻፍሁት ነው። እንደ እኔ ያለ ተማሪ ብዙ ስለ ሆነ ይህን ለማማረር አልጠቅሰውም። ነገር ግን ሰው ባልመረጠው ቦታ ሲቀመጥ «ለምን መጣሁ?» ማለቱ አይቀርም፤ ማታ ማታ በጸሎት ደጋግሜ የጠየቅሁትም ይህንኑ ነበር። እንግዲህ ያለ ምርጫው በተወሰደ ሰው ታሪክ ላይ ዓይኔ ቢያርፍ አያስደንቅም።

ሰውየው አባ ጳኩሚስ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በላይኛው ግብፅ የነበረ፣ ከአረማውያን ወላጆች የተወለደ ወጣት ነበር። በሃያ ዓመቱ ገደማ ለሮም ሠራዊት በግዴታ ተመለመለ። ምልምሎቹ በመንገድ ቴብስ በተባለችው ከተማ ተዘግቶባቸው ሳሉ፣ የከተማው ክርስቲያኖች ምግብና መጠጥ ይዘው መጡላቸው። እነዚህ ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ቢጠይቅ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ቸርነት የሚያደርጉ ክርስቲያኖች እንደ ሆኑ ነገሩት። ያን ጊዜ ነጻ ቢወጣ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሊያገለግል ተሳለ። ከሠራዊቱ ሲለቀቅ ተጠመቀ፣ በአባ ጰላሞን ዘንድ ምንኩስናን ተማረ፣ ቆይቶም በጠቤንስ የአንድነት ገዳም ሠራ። በ346 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ በሥሩ በርካታ ገዳማት ነበሩ፤ የሴቶቹን ገዳም እኅቱ ማርያም ትመራው ነበር። ሥርዓቱ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ወደ እኛም አገር ገዳማት ደርሷል።

እኔን የያዘኝ ተአምራቱ አይደለም። ሰውየው ለሕይወቱ ዓላማ ያገኘው ስለ ራሱ በማሰላሰል ሳይሆን አንድ ሌላ ሰው እንጀራ ይዞለት ስለ መጣ ነው። እንጀራውን ያመጡትም ስለ ወደ ፊቱ አባ ጳኩሚስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የተራበ ወታደር አይተው ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ለማኅበር የሚጠቅም ትምህርት አለው። መጀመሪያ የሰበሰባቸው ሰዎች ብቻውን ሲያገለግላቸው እንደ አሽከር ቆጥረው ናቁት፤ በመጨረሻም አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ ሥርዓት አበጀ። መነኮሳቱ በየቤቱ ተከፋፍለው፣ ለየቤቱ አለቃ ተሾመላቸው፤ አገልግሎቱ በሳምንት ተራ ሆነ፤ ሰሌንና ቅርጫት እየሠሩ በዋጋው ይኖራሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በነሐሴ፣ ገዳማቱ ሁሉ ይሰበሰባሉ። የነሐሴው ስብሰባ የዓመቱ ሒሳብ የሚቀርብበት፣ እርስ በርስም ይቅር የሚባባሉበት ነው። ሒሳብና ይቅርታ በአንድ ጉባኤ! ከዚህ የሚበልጥ የመተዳደሪያ ደንብ እስካሁን አላነበብሁም።

በቀጠሮው ቀን ይህን ለጉባኤው ነገርሁ። ዲያቆኑም ከግብፅ በፊት ኢየሩሳሌም እንዳለች አስታወሰን፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት፣ መበለቶች ከዕለት ማዕድ ተዘንግተው ቅሬታ በመነሣቱ ነበርና። «እንግዲያው የተዘነጋው ማን ነው?» ስንባባል ከጥያቄው ቀላል መልስ ተገኘ። በየመኝታ ክፍሉ ታሞ የተኛ ተማሪ። ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ክፍል ጓደኞቹ ወደ ትምህርት ይሄዳሉ፤ ምግብ የሚያመጣለት፣ ወደ ክሊኒክ የሚደግፈው፣ ያመለጠውን ትምህርት የሚገለብጥለት አይገኝም። ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገንም፤ ግማሾቻችን በዚያ አልጋ ላይ ተኝተን እናውቃለን።

ማኅበሩ አልተዘጋም። በየሕንፃው ሰሞነኛ ተመደበ። ሰሞነኛው ማታ ማታ ይዞራል፣ የታመመውን በደብተር ይመዘግባል፣ በቴሌግራም ለሌሎቹ ያስታውቃል። ለበዓሉ የተዋጣውን 4,300 ብር ግን ዝም ብለን ልናዛውረው አልቻልንም፤ ለሌላ ጉዳይ የተሰጠ ነውና። ገንዘብ ያዣችን እያንዳንዱን ሰጪ ጠየቀች፤ ሁለቱ መልሱልን አሉ፤ ተመለሰላቸው፤ የቀረው ለመድኃኒትና ለታክሲ ሆነ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። በዓሉን ይወዱ የነበሩ ጥቂት አባላት ቀሩ። «ማኅበራችን ወደ ቀይ መስቀል ተለወጠ፤ ጸሎቱስ?» የሚሉ አሁንም አሉ። አነጋገራቸውን አልንቀውም፤ እንጀራ ይዞ መሮጥ ጸሎትን የሚያስረሳበት ቀን አለና። ስለዚህ ሰሞነኛው ከመዞሩ በፊት ሁላችንም ከአስተማሪዎች መኖሪያ አጠገብ ባለችው ክፍል ቆመን እንድንጸልይ ወስነናል፤ ዓርብ የሚመጣውም ሰው ወደ ሠላሳ ቀርቧል።

ብርቱው ክርክር ግን የመጣው በጥር ነው። በሁለተኛው ሕንፃ የታመመው ልጅ ሙስሊም ሆነና «የማኅበሩ ገንዘብ ለማኅበሩ ልጆች ነው» የሚል ተነሣ። ዲያቆኑ በቴብስ የተዘጋበትን ወታደር ሃይማኖት ጠየቀው። ሌላ ንግግር አላስፈለገም፤ የዚያን ዕለት ሾርባውን ይዞ የሄደው ጠያቂው ራሱ ነበር። ልጁ ከዳነ በኋላ በእርሱ ሕንፃ ታማሚ ሲኖር ለሰሞነኛው የሚነግረው እርሱ ሆነ።

እኔም ባልመረጥሁት የትምህርት ክፍል አለሁ፤ ስታቲስቲክሱ አሁንም አይጣፍጠኝም። ነገር ግን «ለምን መጣሁ?» የሚለውን ጥያቄ ማታ ማታ የማንሣበት ጊዜ አጣሁ። በዚህ ሳምንት የሦስተኛው ሕንፃ ሰሞነኛ እኔ ነኝ፤ በደብተሩ ላይ አራት ስም አለ፤ ከአራቱ አንዱ የማቅለሽለሽ ሕመም ስለ ያዘው ከካፌው ወጥ ሊቀምስ አልቻለም። ቤቱ አጥሚት የሚያፈላ ዘመድ በከተማው ያለው አንባቢ ቢኖር ገንዘብ ያዣችንን ያነጋግር። የነሐሴው ሒሳብ በጉባኤ ይነበባል፤ ከእኛ ጋር የተቀያየመም በዚያው ቀን ይምጣ።