ጀልባ የተሳፈረው ካሴት

ታስታውሱ እንደሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ በዘንባባዎቹ ጥላ ስናልፍ የሙዚቃ ቤቱን በር ገና ሳናየው ዘፈኑ ወጥቶ ይቀበለን ነበር። እኔ የማዘወትረው ቤት ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ካሴት። የምንወዳቸውን ዘፈኖች በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ከባዶ ካሴት ጋር ለቤቱ ባለቤት ለጋሼ እንሰጣቸዋለን፤ እሳቸውም ከሸክላውም ከካሴቱም እየለቀሙ ይቀዱልናል፤ የዘጠና ደቂቃው ካሴት አንዱ ጎን 45 ደቂቃ ነውና ማለቂያው ላይ ዘፈን እንዳይቆረጥብን አጭሩን ለመጨረሻ ያቆዩታል። አርዕስቱን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉና ያንኑ ዝርዝር በመዝገባቸው ላይ ይገለብጡታል። ሁላችንም የየራሳችን ገጽ ነበረን፤ ቴፕ ካሴታችንን ቢበላው እንኳ ምርጫችን ጋሼ ዘንድ ተቀምጧል።

ሸክላዎቹ ከአምሃ እሸቴ ዘመን የተረፉ ነበሩ፤ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴያትር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በ1961 ደፍሮ ማሳተም የጀመረው እሱ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ሠርግ የተቀዳውን ካሴት በፌስታል ጠቅልዬ፣ የጣና ውሃ እንዳይረጨው ጉያዬ ሸጉጬ በሞተር ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት የተሻገርኩበት ጥር ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። እዚያው ደሴቱ ላይ ያለው የናርጋ ሥላሴ ንግሥ ገና ማለፉ ነበር። ያኔ መብራት አልነበረም፤ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ ይጎተታል፤ አክስቴም ድንጋዮቹን አውጥታ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፣ ሲሞቁም ጭፈራው ካቆመበት ይቀጥላል።

ከዚያ ሁሉ ቅጂ ለዘፋኙ ሳንቲም እንደማይደርሰው ያኔ አላሰብንም፤ አሁን ሳስበው ይከብደኛል። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ያቀናበረው ኤልያስ መልካ ይህን ነገር አብዝቶ ያስብበት ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 ዘፈን በስልክ ሒሳብ የሚሸጥበትን አውታር የተባለ መተግበሪያ አስጀመረ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በመስከረም 2012 አረፈ። በዚያን ጊዜ ካሴቱ ለሲዲ፣ ሲዲውም ለፍላሽ ቦታውን ለቆ ነበር፤ የጋሼ ቤትም የሞባይል መሸጫ ከሆነ ቆይቷል።

የሠርጉ ካሴት እኔ ጋ አለ፤ ክሩ ላልቶ በእስክሪብቶ አጠንክሬዋለሁ። እናንተም መሳቢያ ውስጥ አርዕስቱ በቀይ የተጻፈ ካሴት ካገኛችሁ አትጣሉት፤ የጋሼ እጅ ይሆናል።