ፍርስራሽ የሌላት ከተማ

ከአሶሳ ተነስቶ በሆሞሻ በኩል ወደ ሸርቆሌ የሚያቀና መንገደኛ ያለፋቸውን ከተሞች ቢቆጥር አንዲቱን መዝለሉ አይቀርም። ጾሬ ትባል ነበር። ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይዛ ሦስት ዓመት ሳትሞላ ጠፋች።

መጠለያ ጣቢያ እንጂ ከተማ አልነበረችም የሚል ይኖራል። እኔ ግን ልጅ የተወለደበትንና ሙት የተቀበረበትን ሰፈር ከተማ ከማለት ወደኋላ አልልም።

ነዋሪዎቿ በ1979 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ፣ ከቻሊ አካባቢ ተሰደው የመጡ ነበሩ። የሱዳን ጦርና አብሮት የዘመተው ሚሊሻ መንደሮቻቸውን አቃጥሎባቸዋል። ብዙዎቹ ኡዱኮች ናቸው፤ ይህ ግን ሌላው ያወጣላቸው ስም ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት ቋኒም ፓ፣ የመንደር ሰዎች፣ ብለው ነው። ይህ ስም ያላቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ስንት መንደር እንደተነጠቁ ሳስብ ልቤ ይደማል።

ጾሬ የተተከለችው ክፉ ቦታ ላይ ነበር። አዲስ አበባ የሱዳኑን አማፂ ኤስፒኤልኤ ትረዳለች፤ ካርቱም በበኩሏ የደርግን ተቃዋሚዎች ታስጠጋለች። ሁለቱ መንግሥታት የሚጎሻሸሙት በዚህ ቀርከሃና ሣር በበዛበት ጠረፍ ላይ ነው። በ1982 ዓ.ም. በጋ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) በኤርትራው ሻዕቢያ እየታገዘ አሶሳን ሲይዝ ጾሬም አብራ ወደመች። የሣር ጎጆ ድንጋይ አያስቀር፣ ግንብ አያስቀር፤ ክረምት ሲገባ ሣሩ መልሶ በቀለበት።

ሰዎቹ ግን እንደ ሣሩ ባሉበት አልበቀሉም። ወደ ሱዳን ቢመለሱ ከሰማይ ቦምብ ወረደባቸው። በእግራቸው የጋምቤላው ኢታንግ ጣቢያ ደረሱ። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ኢታንግም ተበተነ፤ ወደ ሱዳኗ ናስር ሸሹ። ከናስር ተመልሰው ጋምቤላ ገቡና በ1985 ዓ.ም. ቦንጋ በተባለ ጣቢያ ሰፈሩ፤ የከፋው ቦንጋ አይደለም፣ የጋምቤላው ነው። እንግሊዛዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዌንዲ ጀምስ ከ1950ዎቹ ጀምራ የምታውቃቸውን እነዚህን ሰዎች በየስደታቸው እየተከተለች ቃላቸውን ባትመዘግብ ኖሮ የጾሬ ታሪክም ከጎጆዎቿ ጋር አመድ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሸርቆሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የስደተኞች ጣቢያ ሆነች። በኋላ በሱዳን ሰላም ወርዶ ብዙዎች ወደ አገራቸው ገቡ። በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2003 መጨረሻ በሱዳኑ ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲያገረሽ ሕዝቡ በኩርሙክ በኩል እንደገና ጎረፈ፤ ሸርቆሌም ሞላች። ጾሬ የሚለው ስምም በአዲስ ጣቢያ ላይ ተመልሶ መጣ።

በጥር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከአሶሳ በስተደቡብ ያለው የቶንጎ ጣቢያ ተዘርፎ ተቃጠለ። ከዚያና ከጉሬ ሸምቦላ ጣቢያ ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ሸሹ፤ ብዙዎቹ በእግራቸው አሶሳ ደረሱ። ማረፊያ የተሰናዳላቸውም ጾሬ ነበር።